ሳይፈታ የተመለሰው አገልግል

ትናንት ከሰዓት በኋላ የእናቴን ቤት ልጠርግ ገብቼ አገልግሉን ከተሰቀለበት ምሰሶ አወረድኩት። ቆዳው ደርቆ ተጨማዷል፣ የክዳኑንም ጠርዝ አይጥ ሳትቀምሰው አልቀረችም፤ ከፈት ሳደርገው ግን ከውስጡ የወጣው ሽታ አንድም ቀን አላረጀም፤ የፍየል ቆዳ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ዝናብ የነካው ስንደዶ። ዓይኔ መነጽር ከለመደ ቆይቷል፣ ጉልበቴም ደረጃ ሲያይ ይለግማል፣ አፍንጫዬ ግን ለካ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ ቀርቷል። መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፌ መደቡ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ቤቱ ሳይጠረግ መሸ።

አገልግሉን ያወረድኩት የባህል ማዕከሉ ኃላፊ ቢራራ ስለደወለልኝ ነው። ቢራራ ደብረ ማርቆስ ሳስተምር ተማሪዬ ነበር፤ ዛሬ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ከረባት አስሮም «ቲቸር» ማለቱን አልተወም። የከተማችንን ግንብ አድሰው የባህል አዳራሽ ካደረጉት ወዲህ ምድር ቤቱ ውስጥ ለጎብኚ የሚታይ የጥንት ዕቃ እየሰበሰቡ ነው። ቀንበሩም፣ ጋሻውም፣ ብርሌውም ተገኝቷል፤ ደህና አገልግል ግን ጠፋ። ካላስቸገርኩዎት የእማማን አገልግል ነገ ያምጡልን አለኝ። እሱ ምን ያድርግ፣ በቅንነት ነው የተናገረው። እኔ ግን ስለዚያው አገልግል፣ በዚያው ግንብ ደጃፍ የተነገረንን አንድ ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜው ኖሬያለሁና መልስ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎት «ቲቸር፣ አሉ?» አለ። አለሁ፣ አስብበታለሁ አልኩት።

ከተማችን ከደብረ ማርቆስ ራቅ ያለች፣ የጮቄ ንፋስ ያለ ከልካይ የሚገባባት፣ ስሟን ብነግራችሁም የማታውቋት ትንሽ ከተማ ናት። ያላት ነገር ቢኖር ግንቡ ነው። ጥንት አንድ ራስ ያሠሩት ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት ሲሆን፣ የጥድ ወራጆቹ እንደ ሰው ወገብ የሚወፍሩ፣ ሰገነቱ ወደ ገበያው የሚያይ፣ በሩ ደግሞ ሰው በበቅሎ ተቀምጦ የሚያልፍበት ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ ራሱም ልጆቻቸውም አልነበሩም፤ የቀሩት ርግቦችና ርግቦቹን የሚጠብቁ የሚመስሉ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ ነበሩ። ሆኖም ትልልቅ ሰዎች በዚያ ሲያልፉ ነጠላቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ወንዶቹም ባርኔጣቸውን ያነሣሉ። አባቴ በዚህ ነገር እናቴን ማብሸቅ ይወድ ነበር፤ ለማን ነው የምታጎነብሺው፣ ለርግቦቹ ነው ወይ ይላታል። እሷም ለርግብ ሳይሆን ለወጉ ነው ብላ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይባስ ዝቅ ብላ ታልፋለች።

እናቴ አትጠገብ አልቃሽ ነበረች። ዛሬ ዛሬ ይህን ስናገር ወጣቶቹ እንባ የሚቀናት ሴት ይመስላቸዋል። አልቃሽ ማለት ሰው ሲሞት ከሕዝቡ መካከል ቆማ፣ የሟቹን ስም እየጠራች፣ የሠራውን ሥራ፣ የተወውን ቤት፣ የተመኘውንና ያላገኘውን ሁሉ በግጥም እያወረደች፣ ሌላው ሰው ደረቱ ውስጥ የቋጠረውን ሐዘን እንዲያወጣው የምታደርግ ሴት ናት። እሷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። እናቴ ስታወርድ ከሮብ ገበያ ድረስ በቅሎ ይላክላት ነበር፤ የዲማ የቅኔ ሰዎች እንኳ ለቀብር ሲመጡ ከድንኳኑ ጥግ ቆመው ጆሯቸውን ያዘነብላሉ ይባላል። ቤት ስትሆን ደግሞ ስለ ጎመንና ስለ ዶሮ የምታወራ፣ አባቴ በተናገረ ቁጥር አፏን በነጠላዋ ሸፍና የምትስቅ ሴት ናት። ያ ሁሉ ግጥም የት እንደሚኖር ሳስብ ይገርመኝ ነበር።

አንድ እሑድ ጎረቤታችን ባላምባራስ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡ። ተቀመጡ፣ ጠላቸውን ቀመሱ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፤ በመጨረሻም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እኔ ስሞት ምን ብለሽ ልታለቅሽልኝ ነው፣ እስቲ በጆሮዬ ልስማው አሉ። አባቴ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባ። እናቴ ግን ሳትስቅ፣ እንደ ባለሙያ ትክ ብላ አየቻቸውና «እርስዎ ይሙቱ እንጂ ለልቅሶው አያስቡ» አለቻቸው። ሰው ሳይሞት ሙሾ አይወርድም፣ ሟርት ነው፤ ይህ በእሷ ዘንድ እንደ ጾም የጸና ሕግ ነበር። ባላምባራስም በዚህ መልስ እልህ ይዟቸው ነው መሰለኝ ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት ኖሩ።

ይህንኑ ሕግ እኔም በራሴ ቀምሼዋለሁ። የሰፈር ሴት ልጆች ተሰብስበን የሞተች ጫጩት በጨርቅ ጠቅልለን ስንቀብር እኔ የአልቃሽ ልጅ ነኝና ወገቤን ታጥቄ አወርዳለሁ፣ ሌሎቹ ደረታቸውን እየመቱ ይቀበላሉ። እናቴ ድምፃችንን ሰምታ አርጩሜ ይዛ መጣች። ሙሾ መጫወቻ አይደለም ብላ ስትቆጣ፣ እኔ ደግሞ ጫጩቷ እኮ የምሯን ነው የሞተችው አልኳት። አርጩሜው እጇ ላይ ቀረ። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችና ጭኗ ላይ አስቀምጣኝ፣ ጊዜው ሲደርስ ከኋላዬ ቆመሽ ትቀበያለሽ፣ እኔ ሲደክመኝ ደግሞ አንቺ ታወርጃለሽ፤ እስከዚያ ግን ጫጩቶቹን ተያቸው አለችኝ። እኔም ከእናቴ የምወርሰው ነገር እንዳለኝ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

አባቴ እንየው በጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበር። መርፌ ይወጋል፣ ቁስል ያጥባል፣ የተሰበረ ያስራል፤ እጁ ሁልጊዜ አልኮል አልኮል ይሸታል። በሻሽ ሲያስር መጨረሻ ላይ የሚያበጃት፣ ሁለት ጆሮ ያላት ትንሽ ቋጠሮ ነበረችው፤ አንዱን ጫፍ ሲስቧት በቀላሉ ትፈታለች፣ ካልሳቧት ግን በሬም አይበጥሳት። ያ ክፉ ዘመን ሲመጣ ራስ ያሠሩት ያ ግንብ እስር ቤት ሆነ፤ ርግቦቹ ተባረሩ፣ ሰገነቱ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው ቆመ። አንድ ማለዳ አንድ የቆሰለ ወጣት ግድግዳ ተደግፎ ቤታችን ደረሰ። አባቴ ማን ነህ ሳይለው ቁስሉን አጥቦ አሰረለት፣ ልጁም ሄደ። ወሬው ከማን አፍ እንደወጣ እስከ ዛሬ አናውቅም፤ በሳምንቱ አባቴን ከጤና ጣቢያው ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ወሰዱት።

ከዚያ በኋላ ሕይወታችን ያ አገልግል ሆነ። እናቴ በየቀኑ ስንቁን ሞልታ፣ ከሌሎቹ እንዲለይ ክዳኑን በቀይ ክር ትቋጥርና እጄን ይዛ ከግንቡ ደጃፍ እንሰለፋለን። ሴቶቹ ሁሉ የየራሳቸው ክር አላቸው፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ የነጠላ ጥለት። ተቀባዩ ዘለቀ የሚባል ከኛው ከተማ የወጣ ወጣት ጠባቂ ነበር፤ አገልግሉን ወደ ውስጥ ወስዶ ይከፍትና በእንጨት ወጋ ወጋ አድርጎ እስረኛው ዘንድ ያደርሰዋል፣ ወደ ማታ ባዶው ይወጣልናል። ባዶ ስል ግን ባዶ አልነበረም። አባቴ ከሚበላው ላይ አንዲት ጉርሻ ጠቅልሎ ለኔ ያስቀርልኝ ነበር፤ ክዳኑንም ራሱ በቀዩ ክር፣ በዚያች ባለ ሁለት ጆሮ ቋጠሮ አስሮ ይልከዋል። እኔ ቤት እስክንደርስ አልታገሥም፤ ገና ከወይራው ጥግ እንደደረስን ጆሮዋን ስቤ እፈታታለሁ። ጉርሻዋ ትደርቃለች፣ አንዳንዴም ትፈረካከሳለች፤ ቢሆንም ዛሬ ድረስ የዚያን ያህል የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ያቺ ቋጠሮ ለእናቴ ደብዳቤ ነበረች፣ አለሁ ማለት ነበረች።

አደይ የፈነዳበት ሰሞን፣ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሁሉ ቢጫ የሆነ ጊዜ፣ እንደ ልማዳችን ማታ ባዶውን ልንቀበል ቆምን። ዘለቀ የሌሎቹን ሁሉ ሰጥቶ የኛን መጨረሻ ላይ አወጣው። ክብደቱ ገና ከእጁ ሲለቅ አስታወቀ። እናቴ ክዳኑን አየችው፤ ቀዩ ክር ጠዋት ራሷ እንደቋጠረችው ነው፣ ማንም አልነካውም። ዘለቀ መሬት መሬት እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ነገ አታምጪ» አላት።

ሴቶቹ ሁሉ ሰምተዋል፤ አንዲትም አልጮኸችም፣ መጮህ ያሳስር ነበርና። እናቴ አገልግሉን አዝላ፣ እጄን ይዛ፣ ሰው ከገበያ እንደሚመለስ ሆና ሄደች። እኔ ምንም ስላልገባኝ ወይራው ጥግ ስንደርስ ቋጠሮውን ልፈታ እጄን ሰደድኩ፤ ዛሬ የለም ልጄ አለችኝ። ስንቁን ወስዳ ለቤተ ክርስቲያን ደጅ ነዳያን አከፋፈለችው። እነሱ የማንን ነፍስ ይማር እንበል ብለው እንደ ወጉ ስም ጠየቋት። ስሙን መጥራት አልቻለችም፤ እግዜር ያውቀዋል ብላ ተመለሰች።

በእኛ አገር ሞት ዝም ብሎ አይታወቅም፣ ይረዳል። ሽማግሌዎች ማለዳ ተሰብስበው ይመጣሉ፣ እገሌ አርፏል ብለው መርዶ ይናገራሉ፣ ያን ጊዜ ጩኸቱ ይቀልጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፣ ሐዘንተኛ ንፍሮ ቆርጥሞ ከሰው ጋር አልቅሶ ይወጣለታል። ለአባቴ ይህ ሁሉ አልሆነም። በመንግሥት ለተገደለ ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ሬሳ አልተሰጠን፣ መቃብሩን አላየን፣ መርዶ ሊነግረን የደፈረ ሽማግሌ አልተገኘ። አገሩን ሁሉ ያስለቀሰች ሴት በሯን ዘግታ፣ እሳቱ ዳር ቁጭ ብላ እጇን እያየች ዋለች። በማግስቱ በሩን የገፉት ከወሎ የመጡት የአንድ አስተማሪ ሚስት፣ እስላሟ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ብቻ ነበሩ። በራሳቸው ላይ ቁና ሙሉ ኩበት ተሸክመዋል። መንገዱ እንዲሰማ ጮክ ብለው ኩበት አመጣሁልሽ አሉና ገብተው በሩን ዘጉ። ኩበቱን አንሥተው ከሥሩ በጨርቅ የተቋጠረ፣ ገና ትኩስ የሆነ ንፍሮ አወጡ። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያለ አንዲት ቃል ቆረጠሙ። የአባቴ ልቅሶ ያ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ለማንም አላለቀሰችም። ለቅሶ ትደርሳለች፣ ከድንኳኑ ጥግ ትቀመጣለች፣ ሰው ሁሉ አሁን ትነሣለች እያለ ይጠብቃታል፤ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆይታ ያጥናችሁ ብላ ትወጣለች። ባላምባራስ በመጨረሻ የሞቱ ዕለት እንኳ፣ ቃል የገባችላቸው ሰው መሆናቸውን ሁሉም እያወቀ፣ አልተነሣችም። አንዳንዱ ኮራች አለ፣ አንዳንዱ ደግሞ ዛር ያዛት አለ፤ ሰው መቼም አፍ አለው። እኔ አድጌ፣ ሙያውን የምቀበልበት ዕድሜ ደርሶ፣ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። የሱ ሳይለቀስ የሌላ ሰው አይወጣልኝም አለችኝ። መንግሥት ተለውጦ፣ ግንቡ ተዘግቶ ቁልፉ ከዛገ በኋላም፣ እንግዲህ የሚከለክልሽ የለምና አልቅሺለት ብዬ ለመንኳት። ማን አረዳኝ አለች፤ ሬሳ የለ፣ መርዶ የለ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ልልቀም? ከዚያ ወዲያ ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። እኔ ግን መተው አልሆነልኝም፤ እርጅና በየዓመቱ አንድ ነገር ሲወስድባት፣ አንድ ዓመት ጆሮዋን፣ አንድ ዓመት ጉልበቷን፣ ይህን ሐዘን ታቅፋ ልትሞት ነው የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ነው እንግዲህ ግንቡ ታድሶ የባህል አዳራሽ የሆነው። ቢራራ ለምርቃቱ ቀን ያልጠራው የለም፤ አዝማሪ፣ የእስክስታ ቡድን፣ ሽለላ የሚያሰማ ገበሬ። አንድ ቀን ደግሞ ከእናቴ ዘንድ መጥቶ ጫማውን ከደጅ አውልቆ ገባና ሙሾ ቅርሳችን ነው፣ እየጠፋ ነው፣ እማማ የጥንቷ አልቃሽ እንደነበሩ ሰምተናል፣ ለወጣቱ ያሰሙልን አላት።

«ማን ሞቶ?» አለችው እናቴ።

ማንም አልሞተም እማማ፣ ለትርኢት ነው አላት በትሕትና። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን የመሰለ ምስጉን ተማሪዬን አንገቱን ይዤ ላስወጣው ምንም አልቀረኝም ነበር። እናቴ ግን አልተቆጣችም። ቦታው የት እንደሆነ ጠየቀችው። ግንቡ አዳራሽ ነው አላት። ውስጥ ያስገቡኛል ወይ አለችው። በዚያ ሁሉ ዓመት ከደጃፉ አልፋ አታውቅም። እንዴታ እማማ፣ መድረክ ላይ ነው እንጂ አላት። እመጣለሁ አለች። እሱ ከሄደ በኋላ ምን ልትሆኚ ነው ብላት አገልግሉን አውርጂልኝ ብቻ አለችኝ። ለኤግዚቢሽኑ ልትሰጣቸው መስሎኝ አወረድኩላት።

አዳራሹን ሳየው አላወቅሁትም። ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ ነጭ ሆኗል፣ ወራጆቹ ቫርኒሽ ተቀብተዋል፣ ፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፤ መድረኩ ላይ ምንጣፍ፣ ከምንጣፉ ግራና ቀኝ ሰው የሚያህል ድምፅ ማጉያ። ንግግሩ ረዘመ፣ እስክስታው ደመቀ። መድረክ መሪው ቀጥሎ ባህላዊ የሙሾ ትርኢት ብሎ ሲጣራ እናቴ አገልግሉን በጎኗ ይዛ፣ ክንዴን ተደግፋ ወጣች። አንዱ ልጅ ማይክሮፎን አፏ ላይ ቢደቅንባት ይህን ዱላ አርቅልኝ አለችውና ሰው ሳቀ። ከዚያ ነጠላዋን አወረደችና በሐዘን ወግ ወገቧ ላይ ታጠቀችው። የአገሬ ሰው የሟቹን ጠመንጃና ካባ በልቅሶ ላይ ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ፣ አገልግሉን በሁለት እጇ ከፍ አደረገችው። ቀዩ ክር ዙሪያውን ተቋጥሯል። ያን ጊዜ ለማን እንደመጣች ገባኝ።

ድምጿ መጀመሪያ እንደ ዛገ በር ተንቋረረ፤ ቀጥሎ ተከፈተ። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ሰምቼው የማላውቀው ያ ድምፅ ሞቷል ብዬ ነበር፣ ለካ እዚያው ነበር።

ስንቅህን ይዤልህ ከደጅህ ቆሜያለሁ፣
ነገ አታምጪ አሉኝ፤ ነገን ስጠብቅ አለሁ።

የሰውን ቁስል አጥቦ በነጭ ሻሽ የሚያስር፣
የርሱን ሳያስሩለት ገባ ወይ ካፈር?

አዳራሹ ሰፊ፣ ሺህ ሰው ይይዛል አሉ፤
የኔን አንድ ሰው ግን ከወዴት ላይ ጣሉ?

ይህን ስትል ከፊት የተቀመጡት ወጣቶች አጨበጨቡ። በክፋት አይደለም፤ ደስ ያላቸው ነገር ሲቀርብ የሚያደርጉትን ነው ያደረጉት፣ አንዷም እልል አለች። በልቅሶ ላይ ጭብጨባ ተሰምቶ አያውቅም። እናቴ ከእንቅልፍ እንደቀሰቀሷት ሰው ግራና ቀኝ አየች፣ አገልግሉም ቀስ እያለ ከእጇ ወረደ። ልሄድላት ተነሣሁ። ከኔ በፊት ግን ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ጋቢ የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ሰዉ ለሽለላ የተነሡ መስሎት ጭብጨባውን ጨመረ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሲቆሙ አዳራሹ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። አወቅኋቸው። ዘለቀ ነበሩ፣ የጥንቱ ጠባቂ። ሥርዓቱ ሲወድቅ እሳቸውም ታስረው ተፈትተው፣ ከዚያ ወዲህ እናቴን መንገድ ላይ ሲያዩ ሌላ መንገድ የሚይዙ ሰው ነበሩ።

«እትዬ አትጠገብ» አሉ፣ «መርዶውን መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ፈርቼ ነገ አታምጪ ብቻ አልኩሽ። እንየው ሞቷል። ከዚህ አውጥተው ወዴት እንደወሰዱት እኔም አላውቅም። እግዚአብሔር ያጥናሽ።»

እናቴ ወደሳቸው ዞረች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ «አረዳኸኝ።»

ከዚያ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ያለ ግጥም፣ ያለ ዜማ፣ ማንኛዋም ባሏ የሞተባት ሴት እንደምታለቅስ። አሮጊቶቹ ወንበራቸውን እየገፉ ወደ መድረኩ ወጡና ከበቧት። እያንዳንዷ ሬሳው ያልተሰጣት የራሷ ሰው ነበራት መሰለኝ፣ ስሞች ይጠሩ ጀመር፣ ደረት ይመታ ጀመር። የእስክስታ ልጆች በዚያ ባጌጠ ልብሳቸው ከመጋረጃው ጥግ ቆመው ያለቅሳሉ። ቢራራ ድምፅ ማጉያውን ነቅሎ ከመድረኩ ሥር ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ዘለቀን ይቅር ብያቸዋለሁ ብል እዋሻለሁ፤ ያን ሁሉ ዓመት ያን አንድ ቃል ይዘው በአጠገባችን ማለፋቸው ዛሬም ያንገበግበኛል። ያን ቀን ባይነሡ ኖሮ ግን እናቴ የጭብጨባ ሐዘን ይዛ ትቀር ነበር።

በማግስቱ ደጃችን ላይ ድንኳን ተተከለ። አባቴ ከሞተ በኋላ የተወለዱ ሰዎች ሳይቀሩ ለቅሶ ደረሱን። እዝኑ በየተራ መጣ። እትዬ ዘይነባ ነፍሳቸውን ይማርና የሉም፤ ልጃቸው ናት ንፍሮውን ይዛ የመጣችው፣ በትሪ አድርጋ፣ ሳትከድነው፣ በጠራራ ፀሐይ በዋናው መንገድ። እናቴ ያን ስታይ ሌላ እንባ አነባች። ሰው ተበታትኖ እኔ ዕቃ ሳነሣሣ ጠራችኝ። አገልግሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፍታዋለች፤ ውስጡ የተጠቀለለች አንዲት ጉርሻ አለች።

«እንቺ» አለችኝ፣ «ያባትሽ ናት።»

ጡረታ ልወጣ የተቃረብኩ ሴትዮ፣ በድንኳኑ ጥግ ተንበርክኬ በላሁ።

እናቴ በዚህ ክረምት አረፈች። ከመሞቷ በፊት አንድ ቀን እግሯን እያሸሁ፣ ላንቺስ ማን ያለቅስልሻል አልኳት። እኔ ልሙት እንጂ ለልቅሶው አታስቢ አለችኝና ባላምባራስን አስታውሳ ጥርስ በሌለው ድዷ ሳቀች። የቀብሯ ዕለት ግን አሳሰበኝ። መዝሙሩ በድምፅ ማጉያ ተሰማ፣ ካህናቱ የሚገባትን አደረሱላት፤ ከዚያ መሐል ላይ ጸጥታ ሆነ፣ አልቃሽ የምትነሣበት ጸጥታ። ሰዉ ሁሉ ወደኔ አየ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ታጥቄ ተነሣሁ፣ አፌን ከፈትኩ፣ አንዲት ስንኝ እንኳ አልመጣልኝም። ሰው የሚቀበለው የሚሰጠው ሲኖር ነው፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ልማርበት በሚገባኝ ዘመን ሁሉ እሷ አፏን ዘግታ ነበር። በዚያ ግንብ አባቴን ብቻ የወሰዱብን ይመስለኝ ነበር፤ እናቴን የሚያህል ሰው ያለ ሙሾ አፈር ሲለብስ ሳይ ነው ሌላው የገባኝ። ቢራራ የዚያን ቀኑን ድምፅ በስልኩ ቀድቶታል፣ ልጆቹም ስንኞቹን በቃላቸው ይዘዋቸዋል፤ ለእንየው የተባለ ግን ለአትጠገብ አይሆንም።

ትናንት ያን ሁሉ ሳስብ ቆይቼ አገልግሉን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት፣ ቆዳውን ቅቤ ቀባሁት። ቀዩ ክር ከውስጡ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ክዳኑን ገጥሜ ዙሪያውን ሳስር ጣቶቼ ሳላዛቸው ያቺን ባለ ሁለት ጆሮ ቋጠሮ አበጇት፤ የእናቴን ሙሾ አልወረስኩም፣ የአባቴን ቋጠሮ ግን በየማታው ስፈታት ኖሬ ተምሬያት ኖሯል። አንዱን ጆሮ ሳብ አድርጌ ሞከርኳት፣ ተፈታች፤ መልሼ አሰርኳት።

ከዚያ በጣም ከመሸ ቢራራ ጋ ደወልኩ። ቲቸር ደህና ነዎት ወይ አለኝ ደንግጦ።

«ደህና ነኝ» አልኩት፤ «ነገ አመጣዋለሁ።»